ከሁለቱም ዝርዝር ውጪ

መጥበሻዬን ለአራተኛ ጊዜ ከሳጥን ሳወጣው ነው በቃኝ ያልኩት። የቤቱን ዕቃ ሁሉ አስሮ፣ ይሂድ ይቅር ሳያውቅ ሦስት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ማንኪያ ሲፈለግ ማንኪያው ከሳጥኑ ሥር ነው። የክረምት ካልሲ ሲፈለግ ካልሲው በብርጭቆ ላይ ተጠቅልሏል። ልጆቹ ከሳጥን ሳጥን ይዘላሉ። ዝይዎቹ እንኳ አንድ ነገር የሰሙ ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲጮሁ ይውላሉ።

ማኅበራችን ሊከፈል ነበር። እኛ ሁተራውያን፣ ሀብታችንን በጋራ ይዘን በአንድ ግቢ የምንኖር ክርስቲያኖች፣ ሰው ሲበዛብን እንከፈላለን። መቶ አርባ ነፍስ ስንደርስ አንድ ኩሽና አይበቃንም፣ ለወንዶቹም ሥራ ያንሳል። ስለዚህ ሌላ መሬት ተፈልጎ የሰው ስም በሁለት ዝርዝር ይጻፋል። አንዱ ዝርዝር ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰበኩልን ከአጎት ፔተር ጋር ነበር። ሌላው ደግሞ ባለፈው ክረምት ለሰባኪነት ዕጣ ሲጣል ስሙ ከባርኔጣ ከወጣው ከአንድርያስ ጋር። አንድርያስ እስከዚያ ቀን ድረስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ፊቱ ዱቄት መሰለ፣ ሚስቱ አለቀሰች። ሰባኪነትን የሚመኝ ሰው እኛ ዘንድ ድምፅ አያገኝም፣ ያገኘውም አይመኘውም።

የትኛው ዝርዝር እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቀር የሚታወቀው በመጨረሻው ጠዋት ነው፣ በዕጣ። እስከዚያ ሁሉም ሰው ያስራል። ዕጣው ሂድ ያለው በዚያው ቀን ይጫናል፤ ቅር የተባለው ደግሞ ሳጥኑን ይፈታል። ማንም ለራሱ የተሻለውን ግማሽ እንዳያስቀር ተብሎ ነው። ቀድሞ ቢታወቅማ አዲሱን ትራክተር ማን ይለቅ ነበር?

ባሌ ኤልያስ የአሳማ ኃላፊ ነው፤ ከአንድርያስ ጋር ተጻፈ። ታላቅ ወንድሙ ዛካርያስ ከአጎት ፔተር ጋር ተጻፈ። እናታቸው ዶሮቴያ እኛ ቤት ስለሚኖሩ ከእኛ ጋር ሆኑ። የሚጻፈው በዕድሜ ስለሆነ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው አማቴ የዝርዝራችን መጀመሪያ ነበሩ።

ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ግን ማንም አይመራቸውም። ከቤታችን በር እስከ ኩሽና አርባ ሁለት እርምጃ፣ ከኩሽና እስከ ጸሎት ቤት ሰባ፤ ሁሉንም ያውቁታል። በረዶ ሲወርድ እንኳ በከዘራቸው የአጥሩን ጫፍ እየነኩ ይሄዳሉ። ኩሽና ገብተው ድንች ይልጣሉ፣ ዝይ ይነጫሉ፣ የሰው ወሬ ይሰማሉ፣ ወጣት ሴቶቹን ይሳደባሉ። ልጣጫቸውን ያየ ዓይናማ ያፍራል፣ እንደ ወረቀት ነው የሚሳሳው።

አዲሱን ቦታ ደግሞ አይቼዋለሁ። በመጋቢት የኩሽናውን አሠራር እንድናይ ብለው ሴቶቹን ወስደውን ነበር። ነፋስና ጭቃ ነው። አንድ ዛፍ የለ፣ አንድ አጥር የለ። ስድስት ተጎታች ቤቶች፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የጣውላ ክምር። እዚያ ቆሜ አማቴን አሰብኳቸው፤ ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ሰው እስኪመጣና ሽንት ቤት እስኪወስዳቸው ሲጠብቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም እህልም አልስማማኝ አለ።

"ዕጣው ለእኛ ቢወጣ እማማ እዚያ ጭቃ ላይ ምን ይሆናሉ?" አልኩት ኤልያስን።

"እኛ የምንሆነውን።"

"እኛ ዓይን አለን።"

"አንቺስ አለሽ። የሰው ቤት ሳጥን ሁሉ ስትቆጥሪበት ነው የምትውዪው።" የቦቲውን ማሰሪያ አጠበቀ። "ዩስቲና፣ ይሄ የአምላክ ጉዳይ ነው። ተይው።"

መተው ደግሞ አልችልበትም። በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ እንደተነሳ አጎት ፔተር ቤት ሄድኩ። ሴት በስብሰባ አትናገርም፤ የሰባኪው ቤት ግን በሩ ክፍት ነው። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል።

"አጎት ፔተር፣ አማቴን ከዝርዝሩ ያውጡልኝ።"

"ወዴት ላውጣቸው?"

"ወዴትም። የሚቀረው ማንም ይሁን ማን እሳቸው እዚሁ ይቅሩ። እኛ ከቀረን ከእኛ ጋር፣ ዛካርያስ ከቀረ ከዛካርያስ ጋር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።"

"ዘንድሮ ይደረጋ።"

"ልጄ፣ ሁሉም ምክንያት አለው። አንዱ ጉልበቴን ይለኛል፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ነኝ ትለኛለች። ሁሉንም ሰምቼ ብለቅ አዲሱ ቦታ የሚሄዱት ዝይዎቹ ብቻ ናቸው።"

"ዝይዎቹም ያያሉ፣ አጎት ፔተር።"

ሳይወዱ ሳቃቸው መጣ። "ቤትሽ ሥራ የለሽም?"

"ሥራዬ ታስሯል" አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሚስታቸው የሚጠቀለል ክር ሰጠችኝ። የምሳ ደወል እስኪደወል አልተነሳሁም። በማግሥቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሲያዩኝ መጽሐፉን ዘግተው፣ "ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ፣ አሁን ከፊቴ ሂጂልኝ" አሉ።

ነገሯቸው፤ ተስማሙ። ማን ይከራከራል? ለአንዲት አሮጊት ማዘን ነው። ያን ቀን እያፏጨሁ ነበር ወደ ዳቦ ቤቱ የገባሁት። ሱዛና፣ የዛካርያስ ሚስት፣ አብራኝ ሊጥ ታቦካ ነበር።

"አሸነፍሽ አሉ" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"የባልሽ አሳማዎች ሳይቀሩ። እንግዲህ እኛ ከቀረን አማታችን የእኔ ናቸው ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እኔ ቤት እንዲያድሩ አትፈቅጂም ነበር፣ አሁን ጠቅልለሽ ልትሰጪኝ ነው።"

"ለእሳቸው ብዬ ነው።"

"ጠየቅሻቸው?"

ሊጡን ገለበጥኩት። ሱዛና ደግሞ ዓይኗን ከእኔ አትነቅልም፣ አፍንጫዋ ላይ ዱቄት እንደነካት።

"ይሄ ሊጥ ውኃ በዝቶበታል" አልኳት።

እሑድ በጸሎት ቤት ዝርዝሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተነበበ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ተቀምጠናል፤ አማቴ ከሁሉ ፊት፣ እኔ ከኋላቸው። አንድርያስ ወረቀቱን ይዞ ሲቆም አማቴ ጥቁሩን ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ኋላ አስተካከሉ። የመጀመሪያው ስም የእሳቸው መሆኑን ያውቃሉ። አንድርያስ ግን ከጆሮ ግንዱ እስከ አንገቱ ቀልቶ ከሁለተኛው ስም ጀመረ። አማቴ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉ፣ ሰው ያልሰማውን ነገር እንደገና ለመስማት እንደሚያደርገው። ዝርዝሩ አለቀ። የአጎት ፔተር ዝርዝር ተነበበ፤ እዚያም የሉም። ከዚያ መዝሙሩ ተጀመረ፤ ሰባኪው መስመሩን ይላል፣ እኛ እንቀበላለን። በማኅበሩ ውስጥ የአማቴን ያህል የሚጮህ ድምፅ አልነበረም። ያን ቀን አፋቸውን አልከፈቱም።

ውጪ ስንወጣ፣ "ዩስቲና፣ አንድርያስ ስሜን ዘለለው። ሄደሽ ንገሪው፣ ልጁ ይደነግጣል እኮ ሲያነብ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሦስት ቀን ሰባኪው ቤት መቀመጤን፣ ሽማግሌዎቹ መስማማታቸውን፣ ዕጣው ለማንም ቢወጣ ከመንገዳቸውና ከኩሽናቸው ማንም እንደማይነቀንቃቸው። ምርቃት ነበር የምጠብቀው።

አማቴ ቆሙ።

"ምድጃውን ጠሩት?" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"የዳቦ ምድጃውን። ስሙን ጠሩት ወይ?"

"እማማ፣ ምድጃ እንዴት ይጠራል? ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው።"

"የውኃ ማማውንስ?"

"እማማ..."

"መቃብሩንስ ጠሩት?" ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "እንግዲያ ከምድጃውና ከውኃ ማማው ጋር ነው የቆጠርሽኝ።"

"ለእርስዎ ብዬ ነው! እዚያ አንድ መንገድ የለም፣ ሁሉም ጭቃ ነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው..."

አልጨረስኩም። የቀረውን እርምጃ ሁሉ ብቻቸውን ሄደው ቤት ገቡ፣ በሩንም ዘጉብኝ።

ሰኞ ኩሽና አልሄዱም። ምድጃ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው። ሾርባ አመጣሁ፣ አልነኩትም። ከኩሽና ሦስት ጊዜ ሰው ልከው "አክስት ዶሮቴያ ታመሙ ወይ?" አሉኝ። አልታመሙም አልኩ። ምን ልበል? ያንን ወንበር ከጭቃው ሸሽቼ እዚሁ ቤቴ ውስጥ እኔው አምጥቼ አስቀምጬላቸዋለሁ። ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ገብቼ እወጣለሁ፣ አንድ ሳጥን እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳጥን ስበረብር በድንገት መናገር ጀመሩ።

"ከአሜሪካ፣ ከደቡብ ዳኮታ ስንወጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት። ልጆቻችንን ለጦር አንሰጥም ስላልን፣ ቋንቋችንም ጀርመንኛ ስለሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ ጠላን። በጎቻችንን ነዱብን። በባቡር ወደዚህ ወደ ካናዳ መጣን። አያቴ ባርባራ ከአልጋ ከወደቀች ዓመት አልፏት ነበር። ልጆቿ ከነፍራሹ ተሸክመው ከከብቶቹ ቀጥሎ ባለው ፉርጎ አስገቧት። ድንበሩ ላይ ሰባኪው ስም እየጠራ ሲቆጥር፣ 'ባርባራ' ሲል፣ ከፍራሹ ላይ 'አለሁ!' አለች። በጣም ጮሃ ስለተናገረች ሰው ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ በዚያ መንገድ ላይ ሌላ አልሰማሁም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እዚህ አልበርታ በገባን በሦስተኛው ሳምንት ሞተች።"

"አዩ!" ብዬ ዞርኩ። "አዩ፣ እማማ? መንገዱ ነው የገደላት።"

"እርጅና ነው የገደላት፣ አንቺ ድንጋይ ራስ። ከሰዎቿ ጋር ሆና ሞተች። ዳኮታ ብትቀር ማን ነበር አጠገቧ? ውሻው?" ተነሡ። ከዘራቸውን በእጃቸው ፈልገው አገኙት።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ፔተር።"

"ቆይ ልምራዎት።"

"አንቺ መርተሽኛል፣ ይበቃኛል።"

ወጡ፤ ተከተልኩ። የሚያውቁት ግቢ ግን አልነበረም። የጭነት መኪኖቹ ለሐሙሱ ዕጣ ከወዲሁ ገብተዋል። በኩሽናው መንገድ ላይ አልጋዎች ተከምረዋል፣ አጥሩ ጋ የማረሻ ዕቃ ተደርድሯል፣ የዶሮ ሳጥኖች በየቦታው ናቸው። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄደው ከዘራቸው የአልጋ ብረት መታ። ወደ ግራ ዞሩ፤ የዶሮ ሳጥን ሆነባቸው። ወደ ቀኝ ሲሉ ጉልበታቸውን ማረሻው አገኘው። ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እጄን በከዘራ መቱኝ፣ እውነተኛ ምት ነበር፣ ጣቴ ወዲያውኑ አበጠ። ዛካርያስ ከትራክተር ዘሎ ወርዶ "እማዬ!" እያለ መጣ። ከዘራው ወደ እሱ ሲዞር እሱም ቆመ። ዕቃ የሚያስረው ሰው ሁሉ እጁን አንጠልጥሎ ያያል።

አማቴ መሃል ሜዳ ላይ ቆመው አንገታቸውን አቀኑ።

"ፔተር!" ብለው ጮኹ። "አንተ ፔተር! የት ነህ? ድምፅህን አሰማኝ!"

ሰባኪያችንን በማኅበሩ ውስጥ ማንም እንደዚያ ጠርቷቸው አያውቅም። ሽማግሌው የእጅ ፎጣ አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ ግማሽ ጢማቸው በሳሙና ነጥቶ በራቸው ላይ ብቅ አሉ።

"አለሁ፣ አክስት ዶሮቴያ! በዚህ በኩል ነኝ!"

"ተናገር፣ አታቋርጥ!"

"በዚህ፣ በዚህ... ቀጥታ... አይ፣ ባልዲ አለ፣ ትንሽ ወደ ግራ..."

በእሳቸው ድምፅ እየሄዱ ደረጃው ሥር ደረሱ። የቀረነውም ተከትለን ተሰበሰብን፤ እያፈርንም ቢሆን።

"ስሜን የት አደረግኸው?" አሉ አማቴ።

"ምቾትዎን አስበን ነው እንጂ..."

"እናትህ ስትታመም ዓመት ሙሉ ያቀፍኩህ እኔ ነኝ። ስትጮህ ሌሊቱን ሙሉ ስዞር፣ ምቾት ብዬ ጠይቄህ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።" ሳሙናው ጢማቸው ላይ ደረቀ። "ግን ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ተነቧል።"

"ሦስተኛ ይነበባ። ዓይኔ ነው የጠፋው፤ ነፍሴ አልጠፋችም። ሂጂም ከሆነ ሂጂ፣ ቅሪም ከሆነ ቅሪ ልባል። እንደ ሁሉም ሰው።"

አጎት ፔተር ወደ እኔ ዞሩ። እኔን ሲያዩኝ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ከዚያ ዝግ ብለው፣ "በየትኛው ዝርዝር ልጻፍዎ?" አሉ።

ይህን ደግሞ አላሰብኩትም ነበር። ዛካርያስ በግራቸው ቆሟል፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ። የበኩር ልጃቸው ነው። እኔ በቀኛቸው ነኝ፣ ያበጠ ጣቴን ይዤ። ኤልያስ ከአሳማዎቹ ዘንድ ሮጦ መጥቶ ከኋላ ያለከልካል። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔን አልመርጥም ነበር። እውነቴን ነው።

"መጀመሪያ በነበርኩበት" አሉ አማቴ። "ይቺ ግትር ካለችበት። ብቻዋን ብለቃት ያ ምስኪን አንድርያስ በዓመቱ ሰባኪነቱን ጥሎ ይጠፋል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንድርያስም ከመኪናው ላይ ሆኖ ሳቀ። ዛካርያስ አልሳቀም። ሱዛና አጠገቤ መጥታ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

"እንዲህ ነው የሚጠየቀው" አለች።

ረቡዕ በማታው ጸሎት አንድርያስ ወረቀቱን ይዞ ቆመና "ዶሮቴያ ኤንትስ፣ ሰማንያ ሁለት" ብሎ አነበበ። አማቴ ሻሻቸውን አስተካከሉ። መዝሙሩ ሲጀመር ግን መስኮቱ ነዘረ።

ሐሙስ ቁርስ ከተበላ በኋላ ዕጣው ወጣ። ከጎረቤት ማኅበር የመጡ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች ውስጡ አሉ። ከሴቶቹ ወገን አንድ ሕፃን ሳለ። ቅር፣ ቅር፣ ቅር እያልኩ ነበር በልቤ፤ አሁንም አልተውኩም። አንድርያስ እጁን ሰደደ። አንዱን ወረቀት አወጣና ሳይገልጠው ለሽማግሌው ዘረጋው። ሽማግሌው ወስደው ገለጡት።

"ሂድ" ይላል።

አንድርያስ ተቀመጠ። አንዲት ሴት ከኋላ እልልታም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አሰማች። ወደ አማቴ ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

"እማማ፣ አሁንም ቢሆን... አጎት ፔተርን ልለምናቸው..."

"የምንሄድበት መኪና የቱ ጋ ነው የቆመው?" አሉኝ።

ከሱዛና ጋር ፍራሾቹን አብረን አሰርን። ገመዱን ከወዲህና ከወዲያ ስንስብ ቆየንና መጨረሻ ላይ "እዚያ ብርድ ነው፣ ጀርባቸውን ሸፍኚ" አለችኝ። "አውቃለሁ" አልኳት። "ሁሉን እንደምታውቂ አውቃለሁ" ብላ አቀፈችኝ። ዛካርያስ እናቱን አንስቶ መኪናው ላይ አስቀመጣቸው፤ ሲወርድ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው በመጋቢት ካየሁትም ብሶ ነበር። መኪናው ሳይቆም ሴቶቹ ሳጥኖቻቸውን ፍለጋ ጀመሩ፤ የማን ምን የት እንደተጫነ የሚያውቅ የለም። አማቴ ከመኪናው ሲወርዱ እጄን ሰጠሁ፣ ገፉት። አንድ እርምጃ ሄዱ። ሁለተኛው ላይ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በጉልበታቸው ወደቁ።

ብዬ ነበር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። አልነካኋቸውም። አጠገባቸው ቆምኩ ብቻ፣ ጭቃው ጫማዬ ውስጥ እየገባ። ኤልያስ ከሩቅ ሆኖ "አንሻቸው እንጂ!" እያለ ይጮህብኛል።

አማቴ እጃቸውን ከጭቃው አወጡ፣ አሸተቱት፣ በቀሚሳቸው ጠረጉት።

"እጅሽ የት ነው?" አሉ።

ሰጠኋቸው። ያበጠውን ጣቴን ጨብጠው ተነሡ፤ ሕመሙ እስከ ክርኔ ዘለቀ፣ ግን ድምፄን አላሰማሁም።

"ዛሬ ያዢኝ" አሉ። "ነገን አላውቅም።"

"ነገም እይዝዎታለሁ። ከነገ ወዲያም።"

"ደግሞ ጀመረች" አሉ አማቴ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለነፋሱ ይሁን ለአምላክ። "ኩሽናው በየት በኩል ነው? ስንት ሰው ነው ዛሬ ማታ የሚበላው?"

"ሰባ አንድ።"

"ድንቹስ?"

ድንቹ በየትኛው መኪና እንደመጣ አላውቅም ነበር። አንዷን ጠየቅኩ፣ አታውቅም። ሌላዋን ጠየቅኩ፣ እሷም የጨው ሳጥን ጠፍቷት ትሮጣለች። ወንዶቹ ጣሪያው ላይ ይመታሉ፣ አሳማዎቹ በመኪናው ውስጥ ይጮሃሉ፣ አማቴ ክንዴን ይዘው "እ? ድንቹስ? ድንቹስ?" ይሉኛል። እንዲሁ ተያይዘን ከመኪና መኪና እየዞርን እንፈልግ ጀመር።